በሰው አገር ጎጆ መውጣት
(በራድዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው በመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ መካከል ሲቀመጥ የሚጠየቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ብርዱ እንዴት ነው? ደመወዙስ ስንት ይደርሳል? ሕንፃውና ባቡሩ እንደሚባለው ነው ወይ? ይባላል። እኔም ከጀርመን አገር ከተመለስሁ ወዲህ ይኸንኑ ስጠየቅና የተቻለኝን ያኽል ስመልስ ሰንብቻለሁ። ነገር ግን በዚያ አገር በኖርሁበት ሁለት ዓመት ውስጥ እንቅልፍ የነሣኝ ብርዱ አልነበረም። ናፍቆቱም ቢሆን ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውና ልቡን አዘጋጅቶ የሚሄድበት ነገር ነው። ያልተዘጋጀሁበት ሌላ ነበር፤ ይኸውም የደብዳቤ ሣጥን፥ የሰዓት አነጋገር፥ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ፥ በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ የሚገኝ አንድ ባዶ መስመር፥ እነዚህን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ነው። በዛሬው ምሽት ስለ እነዚህ ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ቢመስልም፥ ከመስኮት በስተኋላ ተቀምጠን ባለጉዳይ የምናስተናግደውን ሁሉ እንደሚነካ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ወደ ጀርመን የሄድሁት በራሴ ጉዳይ አይደለም። ባለቤቴ ለከፍተኛ ትምህርት ዕድል አግኝታ በራይን ወንዝ ዳር ወዳለች ከተማ በ2014 ዓ.ም. ሄደች። እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ፥ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጃችንን ይዤ በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. ተከተልኋት። ባል ሚስቱን ተከትሎ መሄዱ ለአንዳንድ ዘመዶቼ መሳቂያ ሆኖ ነበር፤ እርሱን ለሌላ ቀን እንተወው። የጀርመን ሕግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2007 ጀምሮ የትዳር ጓደኛውን ተከትሎ የሚገባ ሰው በብዙው የቋንቋውን መጀመሪያ ደረጃ በአገሩ ሳለ ተፈትኖ እንዲያልፍ ስለሚያዝ፥ እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ወራት ተምሬ ተፈተንሁ። ስሜን፥ ዕድሜዬንና የምወደውን ምግብ በጀርመንኛ መናገር ችዬ ነው የሄድሁት። ስሜን መናገር ችያለሁ ማለቴ ግን ስሕተት ኖሯል።

በዚያ አገር ወደ አዲስ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ ግዴታው ነው። ለመመዝገብም ከ2015 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ጀምሮ ባለቤቱ «አዎን፥ ይኽ ሰው ከቤቴ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ባለቤቴ ቤቱን በብዙ ድካም አግኝታው ነበርና ወረቀቱን ይዤ ሄድሁ። በአንድ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፥ አንዲት ሴት ከበሩ ብቅ ብላ አንድ ስም ጠራች። አጠራሯ የተጣመመ ቢሆንም የማውቀው ስም መሰለኝ። ደግማ ጠራች። እኔም «እነሆ በዚህ አገር የአያቴ ሞክሼ አለ» ብዬ በመደነቅ ዙሪያውን ተመለከትሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠርታ የሚነሣ ስታጣ ከኔ በኋላ የመጣውን ሰው አስገባች።

አያቴ ገበሬ ነበር። በዕድሜው ሙሉ ከተወለደበት ወረዳ የወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ። ስሙ በራይን ወንዝ ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሦስት ጊዜ ይጠራል ብሎ ያሰበ ማን ነው? እኔ ግን ተጠሪው እኔ መሆኔን የተረዳሁት ከአንድ ሰዓት ጥበቃ በኋላ ወደ መስኮቱ ሄጄ ስጠይቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም። አንድ ሰው በስሙ ይጠራል፤ የአባቱ ስም ይከተለዋል፤ ይበቃል። አቶ፥ ወይዘሮ፥ ዶክተር ብለን የምናከብረውም ሰውየውን በራሱ ስም ጠርተን ነው። በፓስፖርቴ ላይ ግን የቤተ ሰብ ስም በሚባለው ቦታ የገባው የአያቴ ስም ነበር። በዚያ አገር ደግሞ ሰውን በራሱ ስም መጥራት የወዳጅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በአያቴ ስም ተጠራሁ። ባለቤቴ በእርሷ አያት ስም ትጠራለች። ልጃችን ደግሞ የኔ አባት አያቷ ስለ ሆነ በአባቴ ስም ትጠራለች። በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የምንኖር ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ የቤተ ሰብ ስም ስለ ነበረን፥ ባልና ሚስት ከነልጃቸው መሆናችንን ለማስረዳት የጋብቻና የልደት ወረቀታችንን እንደ ጋቢ ተሸክሜ እዞር ነበር። ሐኪም ቤት ልጄን ይዤ ብሄድ «የልጅቱ አባት የት ነው?» ይሉኛል። አባትዋ እኔ ነኝ ስል፥ ወረቀቱን ያዩና «በዚህ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ነው።

ይኽ ሁሉ አስቂኝ ሆኖ በቀረ ኖሮ ደግ ነበር። አልቀረም። የመግቢያ ቪዛችን የሦስት ወር ብቻ ስለ ነበረ፥ ጊዜው ሳያልፍ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ለውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ በተመደበው ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አስገባን። ቀጠሮው በደብዳቤ ይነገራችኋል ተባልን። እኔም በየቀኑ ወርጄ የደብዳቤውን ሣጥን እከፍታለሁ። ጥቅምት አለፈ፤ ኅዳር ገባ፤ ሣጥኑ የሚሰጠኝ የፒሳ ሻጮች ማስታወቂያ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ሣጥን በቁጥር ይወጣል እንጂ ባብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣምና፥ ሣጥን ያለ ቁጥር እንዴት እንደሚሠራ አላሰብሁም ነበር። በዚያ አገር ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላሉት ቤቶች የተለየ ቁጥር የሚሰጠው እምብዛም ነው። ደብዳቤ አመላላሹ የሚያውቀው በሣጥኑና በደወሉ ላይ የተለጠፈውን የቤተ ሰብ ስም ነው። እኔ ደግሞ በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ በኩራት፥ በሚያምር ጽሕፈት፥ የራሴን ስምና የአባቴን ስም ጽፌ ለጥፌ ነበር። በአያቴ ስም የተላከውን የቀጠሮ ደብዳቤ አመላላሹ ይዞ መጥቶ፥ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ የለም ብሎ መለሰው።

በመጨረሻው ሳምንት ያለ ቀጠሮ ሄድሁ። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቀጠሮ ተልኮልኝ እንዳልመጣሁ፥ ደብዳቤውም «ተቀባዩ አይታወቅም» ተብሎ እንደ ተመለሰ፥ ስለዚህ በተመዘገብሁበት ቤት መኖሬን እንደ ገና ማጣራት እንደሚያስፈልግ በቀስታ ነገረኝ። እያንዳንዱ ቃሉ ትክክል ነበር። እኔም የነበረኝ ጀርመንኛ ዕድሜዬንና የምወደውን ምግብ ከመናገር አያልፍምና የምመልሰው አጥቼ ወጣሁ።

አድማጮቼ፤ የኔ እንጀራ ድምፄ ነው። በማይክሮፎን ፊት ቃል አጥቼ የማውቅ አይመስለኝም። በዚያ መስኮት ፊት ግን የሁለት ዓመት ሕፃን የምታውቀውን ያኽል ቃል እንኳ አልነበረኝም፤ ይኸንን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ልጄ በጥቂት ወር ውስጥ በልጣኛለች። ከዚያ በኋላ ቪዛችን አለቀ፤ ሌላ ወረቀት እስኪሰጠን ድረስም ዘጠኝ ቀን አለፈ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ውስጥ ልጄን ወደ መጫወቻው ስፍራ እንኳ ለመውሰድ ፈራሁ። ፖሊስ ባየሁ ቍጥር ወደ ሌላ ጐዳና እታጠፋለሁ። በአገሬ የማንም ሰው ገንዘብ ያልወሰድሁ፥ በችሎት ፊት ያልቆምሁ ሰው፥ በደብዳቤ ሣጥን ምክንያት እንደ ወንጀለኛ ግድግዳ ተጠግቼ እሄድ ነበር። ማመልከቻው በጊዜው የገባ ከሆነ ሕጉ ራሱ እስከ ውሳኔው ድረስ ሰውየውን እንደሚጠብቀው የተረዳሁት በኋላ ነው። ጸሐፊው ይኸን ያልነገረኝ በክፋት አልነበረም፤ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ስለ መሰለው ይሆናል።

በዘጠነኛው ቀን የተሰጠን ጊዜያዊ ወረቀት ስሙ ፊክቲዮንስቤሻይኒጉንግ ይባላል። ቃሉን ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ትርጕሙን በመዝገበ ቃላት ስፈልግ የመጀመሪያው ክፍል እኛ ልብ ወለድ ከምንለው ቃል ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። የሕግ ሰዎች ቃሉን የሚያውሉት «እንደ አለ የሚቈጠር» ለማለት ነው። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ የልብ ወለድ ምስክር ወረቀት ይዤ እንደምዞር እየተሰማኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ በዚያ ወር ውስጥ የሳቅሁትም ያኔ ብቻ ነው።

የሣጥኑን ነገር ያስረዳችን ከሥር የምትኖር አንዲት አሮጊት ጎረቤት ናት። በአገሬ ቢሆን እማማ ብዬ በጠራኋት ነበር፤ በዚያ ግን እርሷም በቤተ ሰቧ ስም ትጠራለች። ቀድሞ ያወቅኋት በመልካም አልነበረም። ቆሻሻ የሚጣለው ወረቀቱ ለብቻ፥ የምግብ ትራፊው ለብቻ፥ ላስቲኩና ቆርቆሮው ለብቻ፥ የቀረው ለብቻ መሆኑን ሳላውቅ ሁሉን በአንድ ከረጢት አስሬ ብጥል፥ ከረጢቱን አንሥታ ከደጃፌ አስቀመጠችው። ጠርሙስ ደግሞ በቀለሙ ተለይቶ በመንገድ ዳር ባለው ትልቅ ሣጥን ይጣላል፤ እሑድ ቀን ግን ስለሚያንኳኳ አይጣልም። አንድ ቀን ባለቤቴ ቡና ስትቈላ በጣሪያው ላይ ያለው ጢስ ጠቋሚ መሣሪያ ጮኸና ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰ፤ የመጀመሪያዋ ደራሽ እርሷ ነበረች። ቡና ጠጪ ብንላት ማታ ቡና እንደማትጠጣ ነግራን ሄደች። ይኽችው ሴት ናት፥ አመላላሹ ደብዳቤያችንን ሲመልስ አይታ ኖሮ፥ በማግሥቱ ወጥታ የሦስታችንንም ፓስፖርት አስመጥታ፥ ሦስቱንም የአያት ስም በራሷ እጅ በትልልቅ ፊደል ጽፋ በሣጥኑና በደወሉ ላይ የለጠፈችው። ሳታመሰግኑኝ አትለፉ አላለችም፤ ልናመሰግናት ስንል በሯን ዘግታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ እንደ ዝናም ይወርድ ጀመር። የራድዮ ሰው ስለ ሆንሁ ከሁሉ በፊት የደረሰኝን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ የራድዮና የቴሌቪዥን ክፍያ መጠየቂያ ነበር። በቤታችን ራድዮም ቴሌቪዥንም የለም። ይሁን እንጂ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍያው የሚታሰበው በመሣሪያው ሳይሆን በቤቱ ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ በነበረው ተመን በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም እንድንከፍል ይጠይቀናል። ማንም ሳይሰማኝ ስናገር የኖርሁ ሰው፥ ሳልሰማ መክፈሌ ትክክለኛ ፍርድ ነው አለችኝ ባለቤቴ።

ልጃችን ሕፃናት መዋያ የምትገባበት ቦታ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ተገኘ። በዚያ አገር አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ሁሉ ቦታ የማግኘት መብት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተሰጥቶታል፤ መብትና ቦታ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ቦታው ሲገኝ ደግሞ የክትባት ካርዷ ተጠየቀ። ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃን ወደ መዋያ ሊገባ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማስረዳት አለበትና፥ እኔም ሥራዬን አስቀድሜ ስለ ሠራሁ ካርዱን በኩራት አቀረብሁ። የተቀበለችኝ ሴት ረጅም ጊዜ አየችው። የልጄ ልደት በፓስፖርቷ ላይ ታኅሣሥ 2019 ነው፤ በካርዱ ላይ አዲስ አበባ ያለችው ነርስ በእጇ የጻፈችው የመጀመሪያው ክትባት ቀን ግን 4/13/2012 ይላል። ሴትዮዋ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛ፥ ልጅቱ ከመወለዷ ከሰባት ዓመት በፊት እንዴት ተከተበች? ሁለተኛ፥ ዐሥራ ሦስተኛው ወር የትኛው ነው?

ጳጉሜንን በጀርመንኛ ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? አምስት ቀን፥ አንዳንዴ ስድስት ቀን ያላት ወር አለችን፤ ዓመታችንም ከእናንተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው ስላት፥ ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰማችኝና ይኽንን ሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጕመህ አምጣ አለችኝ። ተርጓሚው ለአንዲት ወረቀት የጠየቀን ዋጋ የሁለት ሳምንት አስቤዛችን ነበር። ከፈልን። በዐሥራ አራት ቀን ጊዜ ውስጥ 4/13/2012 ተለውጦ መስከረም 9 ቀን 2020 ሆነ፤ ልጄም ተወልዳ ከዚያ በኋላ የተከተበች ሆነች።

የመግቢያዋ ቀን በስልክ ተነገረኝ። ጠዋት «ሃልፕ ኖይን» ይምጡ አሉኝ። «ኖይን» ዘጠኝ ነው፤ «ሃልፕ» ግማሽ ነው። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እንደምንለው አስቤ፥ ዘጠኝ ተኩል ብዬ ያዝሁ። በዚያ አገር አነጋገር ግን ግማሽ ዘጠኝ ማለት ገና ዘጠኝ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት የቀረው ነው፤ ስምንት ተኩል ማለት ነው። ልጄን ሹሩባ ሠርተን፥ አዲስ ጫማ አድርገንላት፥ አንድ ሰዓት ዘግይተን ደረስን። ኃላፊዋ ከበሩ ላይ ቆማ በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በጣቷ አሳየችኝና «ሃልፕ ኖይን አላልሁዎትም?» አለችኝ።

ይኸን ስትለኝ አንድ ነገር ታወሰኝ። ስምንት ዓመት ያኽል ረስቼው የኖርሁት ነገር ነው።

በ2008 ዓ.ም.፥ ወደ ራድዮ ሥራ ከመዛወሬ በፊት፥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጸሐፊ ነበርሁ። በየመን አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ባሕሩን ተሻግረው ወደ አገራችን ከመጡት አንዱ የሆነ ሰው የልጁን የትምህርት ማስረጃ ይዞ ወደኔ መስኮት መጣ። ማስረጃው በአንድ ኃላፊ መፈረም ነበረበት፤ ካልተፈረመ ልጁን ትምህርት ቤት አይቀበለውም። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ በምናውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ «ነገ በሦስት ሰዓት ና» አልሁት። ኃላፊው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይገኝ ነበርና። ሰውየው በማግሥቱ አልታየም። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፥ ልጁን በእጁ ይዞ፥ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቷል። «ሦስት ሰዓት አላልሁህም?» አልሁት። ክንዱን ዘርግቶ ሰዓቱን አሳየኝ፤ በእርሱ ሰዓት ልክ ሦስት ነበር፤ ደቂቃ እንኳ አላሳለፈም።

እኔ ምን አደረግሁ? ከጎኔ ወዳለው ጓደኛዬ ዞር ብዬ ሳቅሁ። ከዚያም በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ አልሁት። ተመልሶ መጣ፤ በዚያን ቀን ደግሞ ፎቶግራፍ ጐድሎት ነበርና ሄዶ እንዲያመጣ ነገርሁት። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ማስረጃው እኔ ከክፍሉ እስክዛወር ድረስ በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ አይግባ ጠይቄ አላውቅም።

በሕፃናቱ መዋያ ደጃፍ ቆሜ ያሳየኝ የነበረው የዚያ ሰው ክንድ ነው። ኃላፊዋ ግን ብዙም አላስጨነቀችኝ፤ «ግቡ፥ ግቡ» ብላ ወደ ውስጥ አስገባችን።

ስለዚያ መዋያ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚያ አገር ካየሁት ሁሉ ያስደነቀኝ እርሱ ነውና። አዲስ ሕፃን ሲገባ ወላጁ ጥሎት አይሄድም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በበርሊን በተዘጋጀ ሥርዓት መሠረት፥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አባት ወይም እናት ከሕፃኑ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል። በአራተኛው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወጣል። ሕፃኑ ካለቀሰና መምህሯ ልታባብለው ካልቻለች ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ጊዜው ይረዝማል፤ ሁለት ሳምንት፥ ሦስት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። መላመጃ ይሉታል። መምህራኑ በዚህ ጊዜ ሕፃኑ ምን እንደሚወድ፥ ምን እንደሚያስፈራው፥ ሲተኛ ምን እንደሚይዝ እየጠየቁ ይጽፋሉ።

እኔም ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ በምትል ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀምጬ ልጄን አያለሁ። አንድም ቃል አታውቅም። በመጀመሪያው ቀን ጋቢዬን ይዛ ቆመች፤ በሁለተኛው ቀን ከአንድ ልጅ እጅ መኪና ቀማች፤ በሦስተኛው ቀን ተቀማች፤ ጮኸች፤ በአራተኛው ቀን ወጣሁ ስላት እጅዋን አውለብልባ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። መምህሯ «ተሳክቷል» አለችኝ። ውጭ በረንዳው ላይ ቆሜ ሳስብ፥ አልተላመደም የሚባለው እኔ እንደ ሆንሁ ታየኝ። ለትልልቅ ሰዎችም በእርግጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት የሚሰጥ ትምህርት አለ፤ 600 ሰዓት ቋንቋ፥ 100 ሰዓት ደግሞ ስለ አገሩ ሕግ፥ ታሪክና አኗኗር ይማራሉ። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በደብዳቤ ሣጥን ላይ የትኛው ስም እንደሚለጠፍ ከእኔ ጋር ሆኖ ያየልኝ ሥርዓት ሳይሆን፥ ቡናዬን ያልጠጣችው ጎረቤቴ ናት።

ወደ አገሬ በ2017 ዓ.ም. ተመለስሁ። የተመለስሁ ሰሞን አንዳንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤቶች ስዘዋወር የምመለከተው መስኮቱን ሳይሆን ከመስኮቱ ወዲህ የቆመውን ሰው ሆነ። ዛሬ በአገራችን ከደቡብ ሱዳን፥ ከሶማሊያ፥ ከኤርትራ፥ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህም ከሱዳን የመጡ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞች ይኖራሉ። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛ የመማር፥ በሕጉ በተወሰነው መሠረት የመሥራት፥ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። አዋጁ የተጻፈው በጋዜጣ ነው፤ ሰውየው ግን የሚያገኘው በመስኮት ነው። በመስኮቱ ደግሞ ቅጽ አለ፤ ቅጹ «ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም» ይላል። የቤተ ሰብ ስም ያለው ሰው የትኛውን የት ይጻፍ? አንዱ በአባት ስም ቦታ ይጽፈዋል፤ ሌላው በአያት ስም ቦታ ይጽፈዋል፤ ከዚያም ሁለቱ ወረቀቶች አይስማሙምና «አጣርተህ ና» ይባላል። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲህ ብያለሁ!

ባለፈው ጊዜ ለጉዳይ በሄድሁበት አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት ጸሐፊ ለአንዲት ሱዳናዊት እናት ቀጠሮ ስትሰጥ ሰማሁ። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ፈገግ ብላ፥ በእንግሊዝኛ፥ ሐሙስ በአራት ሰዓት አለቻት። እናቲቱ በስልኳ ላይ ጻፈች። እኔ ባለጉዳይ ነኝ፤ በሰው ሥራ መግባት ነውር ነው ብዬ ጥቂት ዝም አልሁ። ከዚያ ግን አልቻልሁም፤ «እኅቴ ሆይ፥ በየትኛው አራት ሰዓት?» አልኋት። በመጀመሪያ አልገባትም፤ ቀጥሎ ግን አፏን በእጇ ያዘች። እናቲቱን መልሳ ጠርታ በቁራጭ ወረቀት ላይ 10 ብላ ጻፈችላትና፥ ከጎኑ ፀሐይ ሣለችበት። እንዲህ ያለው ዘዴ ለእኔ አልመጣልኝም ነበር፤ በኔ ዘንድ ያለው ልማድ ሁለቱንም ሰዓት በቁጥር መጻፍ ነው።

ልጃችን ዛሬ ትምህርት ቤት ገብታለች። አማርኛዋ ተመልሷል፤ የጀርመንኛው ደግሞ ቀስ በቀስ እየሄደ ነው። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ ልጆቹን ሰብስባ «ነገ በሁለት ሰዓት እንድትደርሱ» ብላ ብታስታውቅ፥ የእኔዋ እጅዋን አንሥታ «በየትኛው ሁለት ሰዓት?» ብላ ጠየቀቻት። ልጆቹ ሳቁ አሉ። መምህርቷ ግን ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣለችና፥ በአንዱ ውስጥ ሁለት፥ በሌላው ውስጥ ስምንት ጽፋ ማስረዳት ጀመረች።